የአንድ ቃል ክብደት፦ የጤና ጉድለት ጡረታ ታሪክ ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር

መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፎ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ በአምባሰል ተራራ ግርጌ ውጫሌን ያገኛታል። ይህች ትንሽ ከተማ በዓለም ታሪክ ስሟ የሚጠራው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎ ተረጎመው። ‹ይቻላል› በሚለውና ‹ይገባል› በሚለው ቃል መካከል ያለው ርቀት ከሰባት ዓመት በኋላ በዓድዋ ተራሮች ላይ በደም ተለካ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጀርመን አገር ሌላ ሰነድ ጸደቀ። ይህም በቢስማርክ ዘመን የወጣው የአካል ጉዳትና የእርጅና መድን ሕግ ነው። ሕጉ ለእርጅና አበል ያስቀመጠው ዕድሜ 70 ዓመት፣ የመዋጮ ዘመኑም 30 ዓመት ስለ ነበር ከዚያ የሚደርሰው ሠራተኛ ጥቂት ነበር። ጤናው ታውኮ መሥራት ላቃተው ግን የሚጠበቅበት የመዋጮ ዘመን 5 ዓመት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ‹ጡረታ› ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው አረጋዊ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ሲጸነስ ከአረጋዊው ጎን፣ እንዲያውም ከእርሱ ቀድሞ፣ የቆመው ገና ሳያረጅ ጉልበቱን የተነጠቀው ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በመልክዓ ምድርም ሆነ በዓላማ የሚራራቁት እነዚህ ሁለት ሰነዶች አንድ ትምህርት ይጋራሉ። የሰውን ዕድል የሚወስነው የሰነዱ መንፈስ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ቃል፣ ቀንና ትርጓሜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኢትዮጵያ የጤና ጉድለት ጡረታ የተጓዘበትን መንገድ ከሐይቅና ከአምባሰል ሕዝብ ኑሮ ጋር አያይዞ መቃኘት፣ በተለይም የጡረታ መውጫ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመንና የውል ቃላት በሕመም ምክንያት ከሥራ በተለየ ሰው ላይ የሚያስከትሉትን ውጤት ለጤና ባለሙያው ማሳየት ነው። ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ሕጉ በመጨረሻ ብይኑን የሚጠይቀው ከሐኪሙ ነውና።

ከጧሪ ቀባሪ ወደ ጡረታ

‹ጡረታ› የሚለው ቃል የመጣው ‹ጦረ› ከሚለው ግስ ነው። ‹ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ› የሚለው ምርቃት እንደሚያስረዳው መጦር የልጅ ግዴታ፣ መጦርያም ቤተ ዘመድ ነበር። በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ይህ ሥርዓት ከቤተሰብ ሰፋ ያለ ክንፍ ነበረው። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ‹ዕድር› የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ‹ቅሬ› ይባላል። ቅሬ ቀብርን ከማስፈጸም አልፎ በኀዘንና በችግር ጊዜ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ጎረቤት የሚያስተሳስር ተቋም ነው። ገበሬው በታመመ ጊዜም ማሳው ጦም እንዳያድር ጎረቤት በደቦ ያርስለታል። ሕመሙ ከጸናበትና ጉልበቱ ካልተመለሰ ደግሞ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ድርሻውን ይበላል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የትምህርትና የምንኩስና ማዕከልነቱ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ከዓለም ተለይቶ በማኅበር ጥላ ሥር ማርጀት የሚቻልበትን ሌላ የኑሮ ዘይቤ ለዘመናት አቆይቷል።

ይህ ሥርዓት ዘመናዊው መድን የሚሠራበትን መርሕ በራሱ መንገድ ያውቅ ነበር። አንዱ ሲወድቅ ብዙዎቹ ያነሡታል። ድክመቱም ያው የመድን ድክመት ነው። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሲወድቁ የሚያነሣ አይገኝም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያጠቃው ረኀብ ይህን በመራራ ሁኔታ አሳይቷል። ደቦ የሚወጣው ጎረቤት ራሱ ሲራብ፣ ለእኩል የሚታረሰው መሬት ምንም ሳያበቅል ሲቀር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳው ቀድሞውንም በሌላ ሰው ጉልበት ይኖር የነበረው ሕመምተኛና አካል ጉዳተኛ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የወጣው አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ የታመመንና ያረጀን ባለይዞታ ከክልከላው አውጥቶ ነበር። ይህ ልዩ ሁኔታ በአዋጁ ውስጥ ትንሽ ቦታ የያዘ ቢሆንም ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ለአምባሰል ገበሬ መሬቱ ራሱ የጤና ጉድለት ጡረታው መሆኑን ሕግ አውጪው ሳይወድ በግድ የተቀበለበት ነውና።

የመንግሥት ጡረታ አጀማመርና አሰፋፍ

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የጡረታ ሥርዓት ጽኑ መሠረት የያዘው በ1955 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ወታደሩንና ፖሊሱን የሚመለከት ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ የነበረው ሰፊው ሕዝብ በቀድሞው መንገድ ቀጠለ። በሐይቅ ከተማ መምህሩ፣ የጤና ረዳቱና የፖሊስ ባልደረባው በአዋጁ ጥላ ሥር ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር ተጎራብቶ የሚኖረው ሸማኔ፣ ነጋዴና ገበሬ ከጥላው ውጭ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱት ድርጅቶች በኋላ ሽፋኑ ወደ መንግሥት የልማት ድርጅቶች ሠራተኞች ሰፋ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ ካላቋቋመለት በቀር ለብዙ ዓመታት ያለ ጡረታ ቆየ።

ይህን ክፍተት የዘጋው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከእርሱ ጋር በተመሳሳይ ጊዜ የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን የቀድሞ አዋጅ ቁጥር 345/1995 ተካ። በ345/1995 ዓ.ም. አዋጅ ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጡ የነበረ ሲሆን፣ የ2003ቱ አዋጆች መዋጮውን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርገው ለሠራተኛው 7 በመቶ፣ ለአሠሪው 11 በመቶ አደረሱት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 የእነዚህን ሁለት አዋጆች ቦታ ያዙ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ስሌቶች በ2003ቱ አዋጆች የተቀመጡት ናቸው። በአንድ ግለሰብ ጉዳይ ላይ መታየት ያለበት ግን ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ሠራተኛው ከሥራ በተለየበት ቀን የሚጸናው ሕግ ነው።

የአሥር ዓመት በር

አዋጆቹ ለሠራተኛው የሚሰጡትን አበል በአራት ይከፍሉታል፤ የአገልግሎት ጡረታ፣ የጤና ጉድለት ጡረታ፣ የጉዳት ጡረታና የተተኪዎች ጡረታ። የጤና ጉድለት ጡረታ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ወይም ጉዳት ምክንያት ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሕክምና የተረጋገጠ ሠራተኛ የሚያገኘው ነው። ቅድመ ሁኔታው ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ነው። መጠኑም እንደ አገልግሎት ጡረታ ይሰላል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ከዚህ ጣሪያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። 10 ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ግን ጡረታ ሳይሆን ዳረጎት ይሰጠዋል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ተሩብ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበታል።

የዚህን በር ክብደት በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሁለት የሐይቅ መምህራን የሁለቱም ደመወዝ 4,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱም በ35 ዓመታቸው በኩላሊት መድከም ምክንያት ከሥራ ተለዩ። አንደኛው ያገለገለው 10 ዓመት፣ ሁለተኛው 9 ዓመት ነው። የመጀመሪያው በየወሩ 1,200 ብር ዕድሜ ልኩን ያገኛል። ሁለተኛው 45,000 ብር በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ገንዘብ የመጀመሪያው መምህር በሦስት ዓመት ከአንድ ወር ተኩል ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። ጡረተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ ዕድሜው ለአበል የሚያበቃው እያንዳንዱ ልጅም 20 በመቶ በተተኪነት ያገኛሉ። ዳረጎት የተቀበለው መምህር ቤተሰብ ግን የሚተካው ነገር የለም። ሕመማቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፣ ደመወዛቸው አንድ ሆኖ ሳለ የሁለት ቤተሰቦችን ዕጣ የለየው የአንድ ዓመት አገልግሎት ነው።

ይህ ገደብ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 102 ለሙሉ የአካል ጉዳት አበል እስከ 15 ዓመት የመዋጮ ወይም የሥራ ዘመን መጠየቅን ይፈቅዳል። ሆኖም ስምምነቱ 5 ዓመት ለሞላው ሰው የተቀነሰ፣ ግን ተከታታይ አበል እንዲሰጠው ያደርጋል። በዚህ ስምምነት ከ5 ዓመት በኋላ የሚጠብቀው ደረጃ ሲሆን፣ በኢትዮጵያው ሥርዓት ከ10 ዓመት በታች ያለው ግን ገደል ነው። ሐኪሙ ይህን ማወቁ አንድ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ሠራተኛው በሕመም ፈቃድ፣ በሕክምናና በቀለለ ሥራ ሊቆይ የሚችልበት በቂ የሕክምና ምክንያት ካለ፣ ‹ለዘለቄታው ለሥራ ብቁ አይደለም› የሚለው ቃል ሳይቸኩል፣ ሕክምናው የሚሰጠው ዕድል ተሟጦ ከታየ በኋላ ሊጻፍ ይገባዋል። ይህ ሐሰተኛ ማስረጃ መስጠት አይደለም፤ መልካም ሕክምና የሚጠይቀውን ትዕግሥት ማክበር ነው።

መንስኤው ሲለይ

ሁለተኛው ወሳኝ ቃል ‹በሥራ ምክንያት› የሚለው ነው። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ወይም በሥራ ምክንያት በመጣ በሽታ ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ የአሥር ዓመቱ በር አይጠየቅበትም። በ2003ቱ አዋጆች የጉዳት ጡረታው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ያገኝ የነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ሳያንስ መሥራት የቻለው ደግሞ በጉዳቱ መጠን የሚሰላ የጉዳት ዳረጎት ያገኛል።

በ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ብዙ ወጣት ሴቶችን በገጠር ቀበሌዎች አሰማርቷል። በአምባሰል ዳገትና ቁልቁለት ከቤት ወደ ቤት የምትሄድ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አራት ዓመት እንዳገለገለች ከገደል ወድቃ የአከርካሪ አጥንቷ ተጎዳ እንበል። ደመወዟ 4,000 ብር ከሆነና ከእንግዲህ መሥራት የማትችል ከሆነ፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱ ሲረጋገጥ በየወሩ 1,880 ብር ዕድሜ ልኳን ይከፈላታል። አወዳደቋ በሥራ ላይ መሆኑ በማስረጃ ካልተደገፈ ግን 20,000 ብር ዳረጎት ተቀብላ ትሰናበታለች። ስብራቱ አንድ ዓይነት ነው፤ በራጅ ፊልሙ ላይ ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ ያለው በመጀመሪያው ቀን በተጻፈው የሕመም ታሪክ ውስጥ ነው። ተረኛው ባለሙያ ‹ወድቃ የመጣች› ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ ወይም ‹በቤት ለቤት ጉብኝት ላይ ሳለች በዚህ ቀን፣ በዚህ ቀበሌ ወድቃ የመጣች› ብሎ ከጻፈ፣ ያችን አንድ መስመር ከዓመታት በኋላ ቦርዱ ፈልጎ ያነባታል።

አገልግሎቱ ሲረዝም ሚዛኑ ይለወጣል። በስሌቱ መሠረት ከ23 ዓመት ከሰባት ወር ገደማ አገልግሎት በኋላ በአገልግሎት ዘመን የሚሰላው አበል ከ47 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ መንስኤውን የመለየት ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው ወጣቱን ሠራተኛ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ደግሞ በአብዛኛው መብቱን ለማስከበር ልምዱም ሆነ ሰነዱ የሌለው ነው።

በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን በተመለከተ የሠራተኛ ሕጉ ለጤና ባለሙያው የተለየ ቦታ ሰጥቷል። የ1996 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 በአካባቢው በነዋሪነት ወይም በወረርሽኝ መልክ የሚገኝ በሽታን ከሥራ በሽታ ትርጓሜ ሲያወጣ፣ እነዚህን በሽታዎች በመከላከል ሥራ ላይ ብቻ ለተሰማሩ ሠራተኞች ግን ይህ ገደብ እንደማይሠራ ደንግጎ ነበር። በቆላው ቀበሌ ወባ የያዘው ነጋዴና በዚያው ቀበሌ ወባን ለመከላከል የተመደበ ባለሙያ በአንድ ትንኝ ቢነደፉም በሕጉ ፊት አንድ አይደሉም። የሳንባ ነቀርሳ፣ በመርፌ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስና በ2012 ዓ.ም. የገባው ኮቪድ 19 ይህን ጥያቄ በየጤና ተቋሙ ደጋግመው አንሥተውታል። በመርፌ የተወጋ ባለሙያ በዕለቱ ሪፖርት ማስመዝገቡና የመነሻ የደም ምርመራ ማድረጉ ሕክምናዊ ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የመብቱ የመጀመሪያ ሰነድ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

የጡረታ መውጫ ዕድሜና የፈቃድ ስንብት

ሦስተኛው ጉዳይ ዕድሜ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ የጤና ጉድለት ጡረታ የዕድሜ ልክ ነው፤ ተጠቃሚው 60 ዓመት ሲሞላው አይቋረጥም፣ ስሙም አይለወጥም። በሌሎች አገሮች ሁኔታው ይለያል። በአሜሪካ በ1956 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመንግሥት የአካል ጉዳት መድን ተጠቃሚው ሙሉ የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ ወደ እርጅና ጡረታ ይዛወራል። አሠሪዎች ከመድን ድርጅቶች የሚገዙት የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት መድን ደግሞ በአብዛኛው በጡረታ ዕድሜ ላይ ጨርሶ ያበቃል። መንግሥት የሚከፍለውንም አበል ከራሱ ክፍያ ላይ የሚቀንስ ነው። በዚያ አገር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች በእጃቸው ያለው ውል እስከ ስንት ዓመታቸው እንደሚያገለግል ሳይመረምሩ ‹መድን አለኝ› ብለው ቢኖሩ አያስደንቅም። ውሉ የሚነበበው በጤና ጊዜ ሳይሆን በሕመም ጊዜ ነውና።

የኢትዮጵያው ሥርዓት በዚህ ረገድ ለጋስ ቢሆንም የራሱ ወጥመድ አለው። ይህም የፈቃድ ስንብት ነው። በሕመም የተዳከመ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ላለመጋጨት፣ ወይም የቦርዱ ቀጠሮ ደሴ ድረስ ደጋግሞ የሚያመላልስ ስለሆነበት፣ ‹በፈቃዴ ለቅቄአለሁ› የሚል ማመልከቻ የሚያስገባበት ጊዜ አለ። በዚያች ቅጽበት ሕጉ የሚያየው ሕመምተኛን ሳይሆን ለቃቂን ነው። በአዋጅ ቁጥር 714 መሠረት 20 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ አበሉ የሚጀመርለት የጡረታ መውጫ ዕድሜው ሲደርስ ነው። በ45 ዓመቱ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የሰነፈ ሰው በቦርድ ቢሰናበት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ያገኝ የነበረውን ገንዘብ፣ በፈቃዱ በመልቀቁ 15 ዓመት ሊጠብቀው ነው። ታካሚው ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ይህን የሚነግረው ሰው ካለ፣ ያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያክመው ባለሙያ ብቻ ነው።

የመድን ውልና ቃላቱ

ከመንግሥት ጡረታ ጎን የንግድ መድን የራሱ ታሪክ አለው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሰውን የሚመለከተውን መድን ከንብረት መድን ለይቶ ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት 13 የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ የግል መድን ሰጪዎች ዳግም ተፈቀዱ። በአሠሪዎች ዘንድ የተለመደው የቡድን የአደጋ መድን ሲሆን፣ ይህ መድን ስሙ እንደሚያመለክተው ‹አደጋን› እንጂ ቀስ በቀስ የሚመጣን ሕመም የሚሸፍን አይደለም። በስኳር በሽታ ዓይኑ የጠፋ ሠራተኛና በፈንጂ ዓይኑ የጠፋ ሠራተኛ በሐኪሙ ፊት ሁለቱም ማየት የተሳናቸው ናቸው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ውል ፊት ግን ካሣ የሚገባው ሁለተኛው ብቻ ነው።

በዓለም የመድን ልምድ ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው የ‹አለመቻል› ትርጓሜ ነው። አንዱ ውል ‹የራሱን ሙያ መሥራት ያልቻለ› ሲል፣ ሌላው ‹ማንኛውንም ሥራ መሥራት ያልቻለ› ይላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ቀዶ ሐኪም በመጀመሪያው ትርጓሜ ለሥራ ብቁ አይደለም፤ በሁለተኛው ትርጓሜ ግን ማስተማር ስለሚችል ብቁ ነው። ብዙዎቹ የውጭ አገር ውሎች ደግሞ በመጀመሪያው ትርጓሜ ጀምረው ከጥቂት ጊዜ፣ በአብዛኛው ከ24 ወር በኋላ፣ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራሉ። የሕክምና ማስረጃ የሚጽፍ ባለሙያ ‹መሥራት አይችልም› ብሎ በጥቅሉ ከሚጽፍ ይልቅ ምን ማንሣት፣ ምን ያህል መቆም፣ ምን ያህል መራመድ እንደማይችል ዘርዝሮ ቢጽፍ ለታካሚውም ለእውነቱም ይበጃል። ጊዜውም መታሰብ አለበት። በንግድ ሕጉ ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። መድን ሲገባ የነበረን ሕመም መደበቅም ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

ሐይቅ በ2003 ዓ.ም.፦ የታየውና ያልታየው

በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ዋና ከተማው ሐይቅ የሆነው ተሁለደሬ ነው። የአካባቢው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት መዋጮ ከፍሎ፣ ሲታመም ገንዘብ ሳይበደር ወይም በሬውን ሳይሸጥ የሚታከምበት ሥርዓት አየ። ቅሬን የሚያውቅ ሕዝብ የመድንን መርሕ ለመረዳት ረጅም ትምህርት አላስፈለገውም ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሆኖም ይህ መድን የሚከፍለው የሕክምናውን ዋጋ ነው። ከሕክምናው በኋላ ያልተመለሰውን ጉልበት አይከፍልም። እግሩ የተቆረጠ ገበሬ የቀዶ ሕክምናው ወጪ ቢሸፈንለትም በሚቀጥለው ክረምት ማን እንደሚያርስለት የሚመልስ አንቀጽ በውስጡ የለም። ይህን ጥያቄ በከፊል የነካው በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ መሥራት የሚችለውን ድሃ በማኅበረሰብ ሥራ ሲያሳትፍ፣ ለአረጋዊውና ለአካል ጉዳተኛው ሥራ ሳይጠይቅ ‹ቀጥታ ድጋፍ› ይሰጣል። ይሁን እንጂ ቀጥታ ድጋፍ በምግብ ዋስትና እጦት ላይ የተመሠረተ እርዳታ እንጂ በመዋጮ የተገኘ መብት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ደንግጓል። ‹አቅሙ በፈቀደ መጠን› የሚለውም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ሐረግ ነው።

እንግዲህ በአንድ የሐይቅ መንገድ ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ጉዳት ቢደርስባቸው፣ መምህሩ በአዋጅ፣ የድርጅት ሠራተኛው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሌላ አዋጅ፣ ገበሬው ደግሞ በመሬቱ፣ በቅሬውና በቀበሌው ውሳኔ ይዳኛሉ። የታሪኩ አቅጣጫ ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች መስፋት መሆኑ ባይካድም፣ ከጥላው ውጭ ያለው አሁንም ብዙኃኑ ነው።

ማጠቃለያ

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴንና ከእርሷ በስተሰሜን ያሉትን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ በአካባቢው ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። የጤና ተቋም ሲዘረፍ መድኃኒቱና መሣሪያው በዋጋ ይገመታል። የካርድ ክፍሉ ግን ዋጋ የሚወጣለት አይደለም። በዚያ ክፍል ያለው ወረቀት የአንድ ሰው ጉዳት መቼ፣ የትና በምን ምክንያት እንደ ደረሰ የሚመሰክር ብቸኛው ሰነድ ሊሆን ይችላል። ለአካል ጉዳት አበል ካርዱ እንደ ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፤ እርሱ ከሌለ መብቱ ቢኖርም ማስከበሪያው የለም። ስለዚህ የመዛግብት አያያዝን ማሻሻል፣ ለታካሚውም የማስረጃውን ቅጂ መስጠት ከአስተዳደር ሥራ ያለፈ ሕክምናዊ ኃላፊነት ነው።

ከ1955 ዓ.ም. እስከ 2014 ዓ.ም. አዋጆቹ ተለዋውጠዋል፤ መቶኛዎቹ ከፍ ብለዋል፤ ጥላውም ሰፍቷል። ሳይለወጥ የቆየው ሕጉ በሕመምተኛውና በአበሉ መካከል የሐኪሙን ቃል ማስቀመጡ ነው። ቦርዱ በሚፈርምበት ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ጉዳቱ መቼ ደረሰ፣ በምን ምክንያት ደረሰ፣ ዘለቄታዊ ነው ወይ? ለባለሙያው እነዚህ በተጨናነቀ የሥራ ቀን በሦስት መስመር የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። ለታካሚው ግን የአሥር ዓመቱን በር፣ የአርባ ሰባት በመቶውን ልዩነትና የልጆቹን ተተኪነት የሚወስኑ ናቸው።

የውጫሌ ውል በአንድ ቃል ምክንያት ያስከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚጻፈው ቃል የሚያስከትለው መዘዝ እንደዚያ አይነገርለትም። ውጤቱ የሚታየው በአንድ ቤት፣ በአንድ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ብቻ ነውና። ይህን የሚያስታውስ ባለሙያ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ታካሚውን ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ስንት ዓመት አገለገልክ? የት ሳለህ ተጎዳህ?